ከፍለን በገዛነው ጌም ውስጥ ማስታወቂያ ምን ይሠራል?

የሸዋበሩ (ደሴ) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ብትመጡ መቆሚያ አታገኙም፤ ሰኞ ጠዋት ብትመጡ እኔና ዝንቡ ብቻ ነን።

ባለፈው ሰሞን ከውጭ በመጣ ሰው በኩል አንድ ኦርጅናል የመኪና ውድድር ጌም አስመጣሁ። ክራክ (መቆለፊያው ተሰብሮ በነጻ የሚወረድ) አይደለም፣ ኮፒ አይደለም፣ ከነካርቶኑ ነው። ዋጋውን በብር እንዳልነግራችሁ ሚስቴም እዚህ መድረክ ላይ ትገባለች። የጌሙንም ስም አልጠራም፤ ያወቀ በሆዱ ይያዘው። መጀመሪያ ላይ ሰላም ነበር። ከዚያ አፕዴት ጠየቀ። ሌሊቱን አወረድኩለት፣ ጥቅሌን ሙልጭ አድርጎ በላው። በማግስቱ ሁለት ልጆች አንድ ዙር ጨርሰው ሌላ ሊጀምሩ ሲሉ ስክሪኑን ሙሉ የሸፈነ ማስታወቂያ ዱብ አለ።

ቆሜ አየሁት። ልጁ ቶሎ እንዲያልፍለት ጆይስቲኩ ላይ ያለውን የኤክስ ቁልፍ እየደጋገመ ይጫናል። ማስታወቂያው አለቀ። ልጁ ግን መጫኑን አልተወም፤ ያው ኤክስ የመደብሩን ገጽ ከፈተው። አሁንም ሲጫን ካርድ አስገባ የሚል መጣ። የተረፍነው ካርድ ስለሌለን ነው እንጂ ገዝቶልኝ ነበር። ይሄ ሳያንስ ጓደኛው «ጋሼ፣ ይሄ ከሰዓታችን ይቀነስልን!» ብሎ ያዘኝ። በሰዓት ስለሚከፍሉ እውነቱን ነው፤ ቀነስኩላቸው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ያየሁት ብቻ ሳይሆን የከፈልኩበትም እኔ ነኝ።

አሁን ነገሩን ልጨምርላችሁ። ማስታወቂያው በዓረብኛ ነበር። ሳዑዲ ቆይቶ የመጣ አንድ ደንበኛዬ አነበበልን፤ ለካ ምግብ እቤት ድረስ የሚያደርስ ድርጅት ነው። ዱባይ ውስጥ! አካውንቱን የከፈተልኝ ልጅ ኢትዮጵያ የሚል ምርጫ ስላጣ ዱባይ ብሎ ነበር የሞላው። ሸዋ በር ድረስ ካመጡልኝ እኔም አዛለሁ።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ማስታወቂያ የማየው በምን ሂሳብ ነው? ባጃጅ ኮንትራት ይዤ መንገድ ላይ ሰው ሲጭንብኝ ዝም አልልም። ሌላው ደግሞ፣ ይሄ ጌም ስለኛ ምን ምን ያውቃል? ዱባይ ነህ ብሎ የደመደመው እሱ ነውና።

---

አዘዋ (ደሴ) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡41

ሃሃሃ። ክራክ ጌም ላይ ማስታወቂያ የለም ወንድሜ። የከፈለ ተቀጣ ማለት ነው።

---

ዘጠና ደቂቃ (ወልድያ) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ በማስታወቂያ አልናደድም። የኳስ ጌም ስትጫወት ሜዳው ዙሪያ ሰሌዳ ከሌለ እኮ የሰፈር ሜዳ ነው የሚመስለው። በ1990ዎቹ የፊፋ ጌሞች ላይ እንኳ የአዲዳስ ሰሌዳ ነበር። እኛ ወልድያ ስታዲየም ተሠርቶልን በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ካየነው ነገር አንዱ የሰሌዳ ብዛት ነው። የእውነት ኳስ ማስታወቂያ አለው፣ የጌሙም ይኑረው። ጨዋታ እስካላቆመብኝ ድረስ።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡12

ዘጠና ደቂቃ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቀልካቸው። ትንሽ ልዘርዝር። ሥራዬ ኔትወርክ ስለሆነ ነገሩ ያበሳጨኛል፣ ከረዘመ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ዲስኩ ላይ ታትሞ የሚመጣ ማስታወቂያ አለ። ያንተ የአዲዳስ ሰሌዳ ያ ነው። አይለወጥም፣ ማን እንዳየውም አያውቅም። ጥንታዊ ነው፤ በ1978 የወጣ አድቬንቸርላንድ የተባለ ጌም ውስጥ ሠሪው ቀጣዩን የራሱን ጌም አስተዋውቆበታል። በዚህ ማንም አልተጎዳም።

ሌላው ከኢንተርኔት የሚወርደው ነው። ሰሌዳው ባዶ ቦታ ሆኖ ይመጣል። ጌሙ ሲከፈት ሰርቨሩ (ማስታወቂያውን የሚልከው የኩባንያው ኮምፒውተር) ይጠይቃል፤ የገባው የትኛው አካውንት ነው? ከየት አገር? ስንት ሰዓት ላይ? በመልሱ መሠረት ሥዕሉ ይላካል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጌሙ መልሶ ሪፖርት ይልካል። ሰሌዳው ስክሪኑ ላይ ምን ያህል ጎልቶ ታየ? ለስንት ሴኮንድ? ከየትኛው ማዕዘን? አስተዋዋቂው ገንዘብ የሚከፍለው ለዚያ ሪፖርት ነው። ማሲቭ የሚባል ኩባንያ ይሄን ሥራ ይዞ ተነሳ፤ ማይክሮሶፍት በ2006 ገዛው፣ በ2010 ደግሞ ዘጋው።

በዚያው በ2006 ባትልፊልድ 2142 የሚባል የጦርነት ጌም ወጣ። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች። ጌሙ ማስታወቂያ የሚያመጣ ቴክኖሎጂ እንዳለበት፣ የአይፒ አድራሻን (ኢንተርኔት ላይ የምትታወቅበትን ቁጥር) የመሰለ መረጃም እንደሚወስድ ትናገራለች። መቼ ነው የምታነባት? ገንዘቡን ከፍለህ ካርቶኑን ከቀደድክ በኋላ። የተከፈተ ጌም ደግሞ ብዙ ሱቅ አይመልስልህም። ያን ጊዜ ተጫዋቹ እሪ ብሎ ነበር።

በ2008 ደግሞ ባራክ ኦባማ በምርጫው ዘመቻ በርንአውት ፓራዳይዝ የሚባል የመኪና ጌም ውስጥ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ገዛ። ሰሌዳው ለአሜሪካኖች ሁሉ አልታየም። ፉክክሩ በጦፈባቸው 10 ግዛቶች ለሚጫወቱ ብቻ ነው የታየው። እንግዲህ ሰሌዳው የትኛው ግዛት ውስጥ እንደምትነዳ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ጨዋታውን አላቆመም፣ ዘጠና ደቂቃ። ግን ያውቅሃል።

---

ዘጠና ደቂቃ (ወልድያ) | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እሺ፣ ያን አላሰብኩትም ነበር። ቢሆንም የትኛው ግዛት እንዳለሁ ቢያውቅ ምን ጎደለብኝ? ወልድያ መሆኔን እዚህም ጽፌዋለሁ።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡52

እዚህ ራስህ ወደህ ጻፍከው። እዚያ ማን ጠየቀህ?

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ) | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡10

የሌላውንም ወገን ልበል። የሞባይል ጌም እሠራለሁ፣ ገና ጀማሪ ነኝ። ነጻ ጌም ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ነውር አይደለም። አንተ ብር አትከፍለኝም፣ እኔ ማስታወቂያ አሳይሃለሁ፤ ስምምነቱ ከመጀመሪያው ግልጽ ነው። ካልጣመህ ታጠፋዋለህ፣ የከሰርከው ነገር የለም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ችግር አለባቸው። አንድ ትልቅ ጌም ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለዓመታት የሚደክሙበት ነው። ዋጋው ግን ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ 60 ዶላር ላይ ቆሞ ነበር። ወደ 70 መውጣት የጀመረው በ2020 ነው። ኢኤ የሚባለው ትልቅ የጌም ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አንድሩ ዊልሰንም በግንቦት 2024 ለባለሀብቶች ሲናገሩ፣ ማስታወቂያን እንዴት አድርገን በጌሞቻችን ውስጥ እናስገባ የሚለውን የሚያጠኑ ቡድኖች እንዳሏቸው አልደበቁም።

ይሄን ስል ግን የየሸዋበሩን ነገር ልከላከል አይደለም። ሁለቱንም ኪስ መግባት አይቻልም። ወይ ሸጠህልኛል፣ ወይ በማስታወቂያ ታገኝብኛለህ። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ የኢንተርኔት መደብር ይሄን በሕጉ ውስጥ አስቀምጦታል፤ በ2025 ደግሞ ለብቻው ገጽ አውጥቶ አብራራው። እዚያ የሚሸጥ ጌም ተጫዋቹ እንዲቀጥል ማስታወቂያ ተመልከት ማለት አይችልም። ማስታወቂያ ስላየህ ሽልማት ልስጥህ ማለትም አይችልም። የመንገድ ዳር ሰሌዳና የማልያ ስፖንሰር ግን ይፈቀዳል። እኔ መስመሩ ልክ ቦታ ላይ ነው የተሰመረው እላለሁ። ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለው ማጫወቻ) ላይም ቢኖር ጥሩ ነበር።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) | ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡45

ሐይቅ ዳር ያነሳው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የየሸዋበሩ ታሪክ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ የከነከነኝ ማስታወቂያው ከአፕዴት በኋላ መምጣቱ ነው።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ዩኤፍሲ 4 የሚባለው የፍልሚያ ጌም የወጣው በነሐሴ 2020 ነው፣ በሙሉ ዋጋ። ጋዜጠኞች ገመገሙት፣ ሰው ገዛው። ማስታወቂያው የገባው አንድ ወር ሊሆነው ሲል፣ በመስከረም መጀመሪያ ነው። የቡጢው ድግግሞሽ በሚታይበት ሰዓት የአማዞን ተከታታይ ፊልም ማስታወቂያ ይመጣ ጀመር። ግምገማው ላይ የለም፣ ምክንያቱም ሲገመገም አልነበረም። ጩኸት ሲበዛ ኢኤ ይቅርታ ብሎ አነሳው። በጥቅምት ደግሞ ኤንቢኤ 2ኬ21 የሚባለው የቅርጫት ኳስ ጌም መግቢያው ላይ ሊዘለል የማይችል ማስታወቂያ ታየበት። ኩባንያው እዚያ ቦታ ላይ እንዲወጣ አልታሰበም ነበር አለ።

በኅዳር 2023 በአሳሲንስ ክሪድ ጌሞች ላይ ሰዎች ሲጫወቱ የቅናሽ ሽያጭ ማስታወቂያ ብቅ አለ። ሠሪው ዩቢሶፍት የቴክኒክ ስህተት ነው አለ። ይሁን፣ ስህተት ነው እንበል። ግን ማስታወቂያ ወደ ጌሙ የሚገባበት መንገድ ቀድሞ ካልተሠራ በስህተት እንኳ አይመጣም። እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ መኖሩ ነው።

(በነገራችን ላይ ባትልፊልድ 2142፣ በርንአውት ፓራዳይዝ፣ ዩኤፍሲ 4 ሦስቱም የኢኤ ናቸው። እንዲያው ልብ በሉልኝ ብዬ ነው።)

---

እሙ ሀያት (ደሴ) | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ጌም አልችልም፣ ልጄ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጌም ቤት ሳይደርስ እቤት አይገባም። 12 ዓመቱ ነው። የሸዋበሩ ወንድሜ፣ ምናልባት ያንተው ደንበኛ ይሆናል፤ ከሆነ የቤት ሥራህን ሠርተሃል ወይ በልልኝ።

የምጠይቀው እንዲህ ነው። ልጆቹ ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ከማያውቁት ሰው ጋር ያወራሉ። ድምፃቸው ይቀመጣል? ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን ማን ይዞታል? የውርርድ ማስታወቂያስ ይመጣባቸዋል? ሰፈሩ በቤቲንግ ቤት ተሞልቶ በዚያ ላይ ጌሙም ከጨመረበት አለቀልን።

---

የሸዋበሩ (ደሴ) | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

ወዐለይኩሙ ሰላም እሙ ሀያት። አብሽሪ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከ11 ሰዓት በፊት አላስገባም። የውርርድ ማስታወቂያ እኔ ቤት ስክሪን ላይ እስካሁን አላየሁም። የድምፁን ነገር ግን ቦርከና ይመልስልሽ።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡30

እሙ ሀያት፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ በአደባባይ የታወቀ ጉዳይ ልንገርዎት። ፎርትናይት የሚባለው ጌም ነጻ ነው፣ እኛ ከምንነጋገርበት የተለየ ነው፤ ግን ትምህርት አለው። በታኅሣሥ 2022 ሠሪው ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚያ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን የግል መረጃ በሚመለከት ነው። ኮሚሽኑ ካቀረበው ክስ አንዱ የድምፅ ንግግሩ ለልጆች ሳይቀር ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ መምጣቱ ነው። ልጁ አልከፈተውም፣ ተከፍቶ ነው ያገኘው።

የቀረው 245 ሚሊዮን ደግሞ የየሸዋበሩን የኤክስ ታሪክ ይመስላል። አዝራሮቹ አቀማመጣቸው ግራ የሚያጋባ ስለነበረ ሰው ሳያስበው ይገዛ ነበር ነው ክሱ። ጌሙ ገና እየተከፈተ እያለ አንድ ቁልፍ በመንካት ብቻ ገንዘብ የተቆረጠበት ነበር። ስለዚህ የየሸዋበሩ፣ ያ ልጅ ቀዥቃዣ አይደለም። ገጹ እንደዚያ ነው የተሠራው።

አሁን ጌሙ ምን ያውቃል ወደሚለው ልምጣ። ሁለት ጉዳይ ብቻ ልጥቀስ።

በ2018 ሬድ ሼል የሚባል ነገር በብዙ የኮምፒውተር ጌሞች ውስጥ ተደብቆ ተገኘ። ሲቪላይዜሽን 6ን ጨምሮ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የገዛቸው ጌሞች ናቸው። ሥራው ምን ነበር? በይነመረብ ላይ ማስታወቂያ ተጭነህ ነበር እንበል። በኋላ ጌሙን ስትከፍት ያ የተጫነው ሰውዬ አንተ መሆንህን ያረጋግጣል። የአይፒ አድራሻህን፣ የስክሪንህን መጠን፣ የኮምፒውተርህን ዝርዝር ይዞ አንዱን ከአንዱ ያገናኛል። ተጫዋቾች ዝርዝሩን እያወጡ ሲጽፉ ሠሪዎቹ አንድ በአንድ ከጌሞቻቸው አስወገዱት። ጌሙ ላይ አንድም ማስታወቂያ አልታየም ነበር እኮ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። በሚያዝያ 2025 ቪየና ያለው ኖይብ የተባለ የመብት ድርጅት በዩቢሶፍት ላይ ለኦስትሪያ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት አለ። ጉዳዩ ፋር ክራይ ፕራይማል ነው። ብቻህን የምትጫወተው ጌም ነው፤ ተጋጣሚ የለም፣ መወያያ የለም። ግን ኖይብ እንደሚለው ኢንተርኔት እንድትገናኝ ያስገድድሃል። ገዢው ራሱ ሲፈትሸው በ10 ደቂቃ ውስጥ ጌሙ ወደ ውጭ ሰርቨሮች 150 ጊዜ ተገናኝቷል። ከተቀባዮቹ መካከል ጉግልና አማዞን ነበሩ። የአውሮፓው ሕግ በእንዲህ ያለ ጥፋት ከዓመት ገቢ እስከ 4 በመቶ ሊቀጣ ይችላል።

እኔም ቤቴ ኮንሶሉ ተኝቶ እያለ ራውተሩ ላይ ማንን እንደሚጠራ ተመለከትኩ። መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ጸጥ ብሏል፣ ዝርዝሩ ግን ይሄዳል። አብዛኛው ጤነኛ ነው፤ ሰዓት ያስተካክላል፣ አፕዴት አለ ወይ ይላል። ከመሀል ግን ሥራቸው የተጠቃሚን ባሕርይ መተንተን ብቻ የሆነ ድርጅቶች አድራሻ አለ። ጌሙን ሳልከፍተው። ዳታውም የኔ፣ መብራቱም የኔ።

---

አዘዋ (ደሴ) | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡48

አሁንም ክራክ ይሻላል እላለሁ። ኢንተርኔት አይነካም፣ ማንንም አይጠራም።

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ) | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡02

አዘዋ፣ ክራኩን ማን እንደሠራው ታውቃለህ? ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ከጌሙ ጋር ምን እንደገባልህ አታውቅም። ከኩባንያ ሸሽተህ ስሙን ከማታውቀው ሰው እጅ መውደቅም አለ። በዚያ ላይ የኔ ዓይነቱ ከምን ይብላ?

---

አወያይ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡10

አንድ የኦርጅናል ዲስክ ሽያጭ ልጥፍ ከዚህ ክር ተነስቷል። የሚሸጥ የገበያ ክፍሉን ይጠቀም። የክራክ ማውረጃ ሊንክም አይለጠፍ፣ አዘዋ።

---

ላስታ (ላሊበላ) | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሕግ አንብቤያለሁ፣ ጥቂት ልበል። አሜሪካና አውሮፓ ብቻ አይደሉም ሕግ ያላቸው። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃህን የሚይዝ አካል ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ምን እንደያዘብህ የመጠየቅ፣ እንዲታረም ወይም እንዲጠፋ የማድረግ መብት አለህ።

ፓሪስ ወይም ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያን ደሴ ላይ ሆነህ መሞገት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሕጉ ወጣ ማለት ነገ መልስ ታገኛለህ ማለት አይደለም። አካውንቱ ደግሞ ዱባይ ተብሎ ተከፍቷል። ኩባንያው መጀመሪያ የሚልህ «አንተ እኮ ኢትዮጵያዊ አይደለህም» ነው።

ግን የሸዋበሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካሜራ አለህ? የዱቤ ደብተር ላይ የልጆቹን ስምና ስልክ ትይዛለህ? ከያዝክ አዋጁ አንተንም ይመለከታል። ይሄን የምለው ላስፈራራህ አይደለም።

---

የሸዋበሩ (ደሴ) | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ካሜራ አለኝ፣ ከጆይስቲክ ስርቆት ወዲህ። ደብተሩም አለ። ስልክ የምጽፈው ዱቤ ላለበት ብቻ ነው፤ ሲከፍል እሰርዛለሁ። ካሜራው እንዳለ ግን በር ላይ አልጻፍኩም። ዛሬ እጽፋለሁ።

ቦርከና ያልከውን ሳነብ አንድ ነገር መጣብኝ። የኔ ኮንሶል አካውንት አንድ ሰው ነው። የተወለደው ጥር 1 ቀን 1990 በፈረንጅ፣ የሚኖረው ዱባይ። ይሄ ሰውዬ ከጠዋት እስከ ማታ ይጫወታል። አንዳንዴ በጣም ጎበዝ ነው፣ አንዳንዴ መሪ መያዝ አያውቅም። ረመዳን ላይ ማታ ብቻ ነው የሚመጣ። መብራት ሲሄድ ይጠፋል። ይሄን ሁሉ ሰብስበው ምን ዓይነት ሰው ነው የሚሉት? የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀው ማስታወቂያ ይልኩለታል። በዚህስ ሳቅሁ።

ያላሳቀኝ ግን አለ። አንዳንዶቹ ልጆች የራሳቸውን አካውንት እኔ ኮንሶል ላይ ይከፍታሉ። ኢሜይላቸው የእውነት፣ የልደት ቀናቸው የእውነት። ጨርሰው ሲሄዱ አይዘጉትም። ትናንት ማታ ቤቱን ዘግቼ ዝርዝሩን ሳየው የተጠቃሚው ስም ተደርድሮ ስክሪኑ አልበቃውም። ከፊሎቹን ልጆች ስማቸውን ሳነብ አወቅኋቸው፤ አንዱ ከተማ ለቆ ከሄደ ቆይቷል፣ አካውንቱ ግን እኔ ቤት ነው ያለው። ለኩባንያው ሳይሆን ከእሱ በኋላ ለሚቀመጠው ልጅ ክፍት ነው። ሁሉንም አጠፋሁ።

---

እሙ ሀያት (ደሴ) | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡50

አላህ ይስጥህ። የኔ ልጅ ስም አልነበረበትም?

---

የሸዋበሩ (ደሴ) | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡58

እሱን በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።

---

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ) | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡15

የሚጠቅም ነገር ልጻፍ። ፒኤስ5 (ፕሌይስቴሽን 5) ያለው ሰው ሴቲንግ ውስጥ ተጠቃሚዎችና አካውንቶች የሚለውን ይክፈት፤ ከዚያ ፕራይቬሲ። የምትሰጠው መረጃ የሚለው ላይ ሙሉ ወይም ውስን ብሎ ያስመርጣል። ውስን አድርጉት። እዚያው ሠፈር ለአንተ የተመረጠ ማስታወቂያ የሚለውም አለ፣ አጥፉት። ማስታወቂያ ይቀራል ማለት አይደለም፤ ባንተ ልክ የተሰፋው ይቀራል።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ማስታወቂያ ብላችሁ የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን መሰረዝ ይቻላል። አይፎን ላይ ከ2021 ጀምሮ መተግበሪያው ይከታተልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አይከታተለኝ በሉ። የኔንም ጌም ቢሆን።

ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ እዚያው ቤት ለምትጫወቱት ጌም ኢንተርኔቱን ንቀሉት። ሳይገናኝ የሚከፈት ጌም ከሆነ ችግሩ ግማሽ በግማሽ ይቀላል።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡40

ጥሩ ብለሃል። የሸዋበሩ፣ ቴሌቪዥኖቹንም እያቸው። ስማርት ከሆኑ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ነገር ለይተው የሚልኩ አሉ፣ በኬብል የገባውንም ጭምር። ቪዚዮ የሚባለው የቴሌቪዥን ሠሪ በዚህ በ2017 አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ስላደረገው ነው። ጌም ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዋይፋዩን አጥፋበት፣ አለቀ።

---

ዘጠና ደቂቃ (ወልድያ) | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡05

ሁሉም ገባኝ፣ ኢንተርኔት እንንቀል። የተጫዋች ዝውውሩስ? ገና አንዱ ክለብ ተጫዋች ገዛ ሲባል ልጆቹ ማታውኑ ጌሙ ላይ ካላዩት ይጮኻሉ። ኢንተርኔት ከነቀልኩ አምና የሸጡትን ሰውዬ ይዤ ልጫወት ነው?

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡20

ሌሊት አገናኘው፣ የስም ዝርዝሩን አውርድ፣ ጠዋት ንቀለው። የጌሙ አፕዴት ከሆነ ግን ቶሎ አትቀበል። ሰው ምን እንዳለ አንብብ፣ ማስታወቂያ አምጥቶ እንደሆነ ይጽፋሉ። ዲስክ ካለህ አፕዴቱ ሳይገባም ብዙው ጌም ይከፈታል።

---

የሸዋበሩ (ደሴ) | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡31

ቦርከና፣ እኔስ አፕዴቱን አንዴ ካስገባሁት በኋላ መመለስ ይቻላል?

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡44

ጌሙን ከኮንሶሉ አጥፋው። ኢንተርኔቱን ንቀል። ከዚያ ዲስኩን አስገብተህ እንደ አዲስ ጫነው፤ ካርቶኑ ውስጥ የመጣው የመጀመሪያው ነው የሚጫነው። ያስቀመጥከው የጨዋታ ውጤት በአዲሱ አፕዴት የተሠራ ስለሆነ ላይከፈት ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አትሞክረው፤ ቤትህ ሙሉ ነው።